ድሪቶ ብሎ መናቅ ቀረ፦ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትራስ፣ ምንጣፍና የጉልበት ልብስ እንዴት ይሠራል?



በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ የማይለበስ ልብስ አለ። ልጁ አድጎ የጠበበው ሸሚዝ፣ ጫፉ የተተለተለ ነጠላ፣ መሐሉ የሳሳ አንሶላ፣ ለሠርግ ተሰፍቶ ከዚያ ወዲህ ያልተነካ ቀሚስ፣ ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፈ ብጣሽ። መጣሉ ያሳዝናል፤ ማስቀመጡ ደግሞ ቦታ ይይዛል። በዚህ እትም ከእንዲህ ያለው ጨርቅ ለቤት የሚሆን ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳለን። የትራስ ልብስ፣ የወለል ምንጣፍና ጉልበት ላይ የሚጣል ልብስ ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መርፌ፣ ክር፣ መቀስና ትዕግሥት ካለ ይበቃል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን ስለ አንድ ቃል እንነጋገር።

"ድሪቶ" የሚለው ቃል

በአገር ቤት ብጣሽ በብጣሽ ላይ ተጥፎ የተሰፋ ልብስ ድሪቶ ይባል ነበር። ቃሉ ደስ አይልም። ድሪቶ ለባሽ ማለት ያጣ የነጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት እናት "እዚህም አገር መጥቼ ድሪቶ ልስፋ እንዴ?" ብትል አይፈረድባትም።

ግን እስቲ ነገሩን መለስ ብለን እንየው። ያኔ ጨርቅ ውድ ነበር። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ሸማኔው ዘንድ ሄዶ ይሸመናል። አንድ ጋቢ የስንት ወር ድካም ነው! ቀን ልብስ ነበር፣ ማታ ደግሞ ብርድ ልብስ። ሲያረጅም አይጣልም፤ ከሱ የሕፃን መጠቅለያ ይወጣል፣ የእንጀራ መሸፈኛ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ለጀበና ውታፍ ይሆናል። ይህ ድህነት ብቻ አልነበረም። የሰው ድካም ከንቱ አይቅር ማለትም ነበር።

በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ቤታቸው ብርድ ስለሚገባው ከአሮጌ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። እ.አ.አ. በ2002 ግን እነዚያ የአልጋ ልብሶች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሰው ተሰልፎ አያቸው። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥዕላቸውን በቴምብር ላይ አወጣ። በጃፓን ገበሬዎች የጣፉት "ቦሮ" የሚባል ልብስ፣ በቤንጋል ሴቶች አሮጌ ሳሪ ደራርበው የሚሰፉት "ካንታ" የሚባል መደረቢያም ዛሬ በሙዚየም ይቀመጣሉ። በአይሁድ ሕዝብም ዘንድ በብዙ አገር ሴቶች የሠርግ ቀሚሳቸውን ለምኩራብ ይሰጡ ነበር፤ ጨርቁ ተፈትቶ የኦሪት ታቦት መጋረጃ ሆኖ ይሰፋል።

እንግዲህ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ጥፍ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ቀዳዳው በተገኘበት ቦታ፣ በተገኘው ጨርቅ። ይህኛው ሥራ ግን ከመጀመሪያው ይታሰብበታል። ጨርቁ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ በልክ ይቆረጣል፣ ቀለሙ ይመረጣል። እጁ ግን ያው አንድ እጅ ነው።

እጃችሁ ቀድሞ የሚያውቀው

"እኔ ስፌት አልተማርኩም" የምትሉ ሰዎች፣ ቆይ እስቲ። ከዚህ በታች ካሉት አንዱን ሳትሠሩ ወይም ሲሠራ ሳታዩ አላደጋችሁም።

አንደኛ፣ ጋቢና ነጠላ። ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን ተጋጥሞ በመርፌ ይያያዛል። ስለዚህ ጋቢ ራሱ የተገጣጠመ ጨርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ሹሩባ። ሦስት ዘለላ ይዞ መጎንጎን የሚችል ሰው የጨርቅ ምንጣፍ ግማሹን ጨርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሰፌድና መሶብ። ከመሐል ጀምሮ እየጠመጠሙ፣ አዲሱን ዙር ከአሮጌው ዙር ጋር በወስፌ እየወጉ ማያያዝ። ክብ ምንጣፍ የሚሰፋው ልክ በዚሁ መንገድ ነው፤ በስንደዶና በአክርማ ፈንታ ጨርቅ፣ በወስፌ ፈንታ መርፌ።

አራተኛ፣ ጥልፍ። በአዲስ አበባና በጎንደር ወደ እስራኤል ለመምጣት ሲጠብቁ ከቆዩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ ናኮኤጅ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ድርጅት ባቋቋመው የእጅ ሥራ ፕሮግራም የትራስ ልብስና የሃላ መሸፈኛ ይጠልፉ ነበር። ያን መርፌ የያዘ እጅ ዛሬም አልረሳውም።

ቤተ እስራኤል በጎንደር አገር በሽመና፣ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቀ ነበር። ያ ሙያ ለጎረቤቱ ሁሉ ማረሻና ልብስ እየሰጠ፣ ባለሙያው ግን "ጠይብ" እየተባለ ይሰደብ ነበር። ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። ያልተከበረው ሥራው ስላልተፈለገ አልነበረም። ሥራው ይፈለግ ነበር፤ ሠሪው ነው የተናቀው። ዛሬ በእጅ የተሠራ ነገር የሚወደድበት ዘመን ላይ ነን። በደቡብ ቴል አቪቭ "ኩቺናቴ" በሚባል ማኅበር ከአፍሪካ የመጡ ስደተኛ ሴቶች ተሰባስበው በኪሮሽ ቅርጫትና የወለል መቀመጫ ይሠራሉ፤ ሥራቸውም ከሩቅ ድረስ ገዢ አለው።

ጨርቁን መሰብሰብ

ከሁሉ በፊት ከቤት ጀምሩ። ከዚያ ለልጆቻችሁና ለጎረቤት ንገሩ፤ ሰው ሁሉ የሚጥለው ጨርቅ አለው። የመጋረጃ ሱቆች ደንበኛ እንዲመርጥበት የሚያሳዩት የናሙና ደብተር አላቸው፤ ዲዛይኑ ሲቀየር ይጥሉታል፣ በትሕትና ብትጠይቁ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ልብስ አሳጣሪዎችም ሁልጊዜ ቁርጥራጭ አያጡም። አዲስ ጨርቅ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከፔታህ ቲክቫ በቀዩ መስመር ባቡር ተሳፍሮ አለንቢ ጣቢያ ሲወርድ፣ የጨርቅ ሱቆች የሚበዙበት የናሃላት ቢንያሚን መንገድ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከጥቅል የቀረ ቁራጭ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ አሉ።

አንድ ነገር አደራ፦ በየሰፈሩ ከቆሙት የአሮጌ ልብስ መሰብሰቢያ ሳጥኖች ውስጥ እጅ አስገብታችሁ ጨርቅ አታውጡ። ሰው የተጎዳበት ነገር ነው። እናንተ የማትፈልጉትን ጨርቅ ግን እዚያው መክተት ትችላላችሁ።

የትኛው ጨርቅ ለየትኛው ሥራ?

የጥጥ ጨርቅ ለሁሉም ነገር ይሆናል፤ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ከመርፌ ጋር አይታገልም። በልብሱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ምልክት ላይ በዕብራይስጥ "ኩትና" ተብሎ ይጻፋል። ማንበብ ካስቸገረ የልጅ ልጅ ያንብብላችሁ። ፖሊኤስተር ቶሎ አይሸበሸብም፣ ግን እሳት አይወድም፤ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ማለትም ቲሸርት፣ ለትራስ ልብስ ያስቸግራል፤ ለምንጣፍ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ልዩ ነገር ናቸው። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ብቻውን ቢሰፋ ይቀደዳል፤ ከበስተ ጀርባው አሮጌ አንሶላ ገበር ይደረግለት። ጥለቱ ግን ጠንካራ ነው። ነጠላው ቢያልቅም ጥለቱ ሳይደበዝዝ ይቆያል። ጥለቱን ቆርጣችሁ በትራሱ ዙሪያ ወይም መሐል ላይ ብታደርጉት ቤቱን ያሳምረዋል።

የሟች ልብስ፣ የሙሽራ ልብስ ወይም ከአገር ቤት ተለብሶ የመጣ ልብስ ከሆነ፣ መቀስ ከመንካቱ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ። አንዱ "ቁረጡት፣ በዓይኔ ልየው" ይላል፤ ሌላው "እንዳለ ይቀመጥ" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስምና በመጀመሪያ ፎቶ ይነሣ።

ስለ ሻዓትኔዝ

ከተለያየ ጨርቅ አንድ ነገር የሚሠራ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። ኦሪት ሱፍና የተልባ እግር፣ በዕብራይስጥ ጼሜርና ፒሽታን፣ አንድ ላይ ሆነው እንዳይለበሱ ይከለክላል። ይህም ሰውነት ለሚሸፈንበት ብርድ ልብስም ይሆናል። ጥጥ ከሱፍ ጋር፣ ጥጥም ከተልባ እግር ጋር ቢሰፋ ችግር የለም፤ የተከለከለው የሱፍና የተልባ እግር መገናኘት ነው። አሮጌ የሱፍ ኮት ስትፈቱ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ ጊዜ አንገትጌው ውስጥ የተልባ እግር ገበር ይኖራል። የሚጠራጠር ሰው ኬሱን ወይም ራቢውን ይጠይቅ፤ ጨርቅ የሚመረምሩ የሻዓትኔዝ ባለሙያዎችም አሉ።

ከመቁረጥ በፊት ማጠብ

አዲሱንም አሮጌውንም ጨርቅ አስቀድማችሁ እጠቡ። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ፣ በኋላ አንዱ ቁራጭ ተሰብስቦ ሌላው ይላላና ሥራው ሁሉ ይጨማደዳል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ቀለም ሊለቅ ይችላል። ለማወቅ ጨርቁን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት፤ ነጩ ከቀላ ያ ጨርቅ ከነጭ ጋር አይሰፋም። ከታጠበ በኋላ ተኩሱት። ያልተተኮሰ ጨርቅ በልክ አይቆረጥም።

የመጀመሪያ ሥራ፦ የትራስ ልብስ

ከትንሽ መጀመር ይሻላል። ይህ ትራስ አርባ በአርባ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሶፋ ላይ የሚቀመጠው መደበኛ መከዳ ማለት ነው።

1. ከጠንካራ ካርቶን 12 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡ። ይህ መለኪያችሁ ነው። አንዴ በትክክል ከተለካ ሁለተኛ ማስመሪያ አያስፈልግም።

2. ካርቶኑን በጨርቁ ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩና 16 ቁራጭ ቁረጡ። ስምንቱ ደመቅ ያለ፣ ስምንቱ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን።

3. ቁራጮቹን አልጋ ላይ አራት በአራት አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ደማቁን ከፈዛዛው አፈራርቁ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ቁሙና እዩት። ዓይን የሚያጋጨውን ቀይሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ውበቱ የሚወሰነው እዚህ ነው።

4. ሁለት ቁራጭ ፊት ለፊታቸውን አጋጥማችሁ፣ ከዳሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። በእጅ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለ ወጣ ገባ ስፌት ይበቃል፤ ግን በየአራት አምስቱ ስፌት አንዴ ወደ ኋላ መለስ በሉ፣ እንዳይተረተር። የክሩ ርዝመት ከክንድ አይብለጥ። ረጅም ክር ይጠላለፋል።

5. አራቱን አያይዛችሁ አንድ ረድፍ አድርጉ። አራት ረድፍ ሲሆን ረድፎቹን እርስ በርስ አያይዙ። መጋጠሚያዎቹ መስቀል እንዲሠሩ እስፒል ውጉበትና ስፉ። በየደረጃው ብትተኩሱት ሥራው ይቀናል።

6. ለጀርባው 42 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቁረጡ። የእያንዳንዱን አንድ ረጅም ጎን አንዴ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ድጋሚ አንድ ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ዘምዝሙት።

7. የፊቱን ጨርቅ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ሁለቱን የጀርባ ቁራጮች ፊታቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ የተዘመዘመው ጎናቸው መሐል ላይ እንዲደራረብ አስቀምጡ። ዙሪያውን በሙሉ ከዳሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ ስፉ። ማዕዘኖቹን ጥቂት ከርክሙና ገልብጡት።

ጨረሳችሁ ማለት ነው። ዚፕ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፤ ትራሱ በተደራረበው በኩል ይገባል፣ ለማጠብም በዚያው ይወጣል። የተረፉትን ጥቃቅን ብጣሾች አትጣሉ፤ ለወለል መቀመጫ መሙያ ይሆናሉ።

የጨርቅ ምንጣፍ፦ ሹሩባና ሰፌድ በአንድ ላይ

ለዚህ ሥራ አሮጌ ቲሸርትና አንሶላ ይሻላል። ጨርቁን አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት እያደረጋችሁ እንደ ጠፍር ቆራርጡት። ቲሸርት ከሆነ ከቆረጣችሁ በኋላ ሳብ ስታደርጉት ራሱ ተጠቅልሎ ገመድ ይመስላል። ሦስት ቅዳጆችን አንድ ላይ ስፍታችሁ ወንበር ጀርባ ላይ እሰሩና እንደ ሹሩባ ጎንጉኑ። አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላ ቅዳጅ ጫፉ ላይ ስፍታችሁ ቀጥሉ። ሦስቱም ቅዳጆች ርዝመታቸው የተለያየ ይሁን፤ እኩል ከሆኑ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ያልቁና ያ ቦታ ይወፍራል። ሲጎነጎን ርዝመቱ እንደሚቀንስ አትርሱ፤ ሦስት ሜትር ቅዳጅ ወደ ሁለት ሜትር ግድም ይመጣል።

ጉንጉኑ ጥቂት ሜትር ሲሆን መስፋቱ ይጀመራል። ጫፉን ጠምጥማችሁ እንደ ሰፌድ እምብርት አድርጉት። ከዚያ ዙር በዙር እየጠመጠማችሁ፣ አዲሱን ዙር ከጎኑ ካለው ዙር ጋር በወፍራም ክር አያይዙ። እዚህ ላይ የሰፌድ ባለሙያ የምታውቀው ምሥጢር አለ። ክሩን ካጠበቃችሁት ምንጣፉ እንደ ሙዳይ ይጎደጉዳል፤ ካላላችሁት ደግሞ ዳሩ እንደ ቀሚስ ይወላገዳል። ለመሶብ መጎድጎዱ ደግ ነው፣ ለምንጣፍ ግን አይሆንም። ስለዚህ ጭን ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስፉ፤ በየዙሩ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት። ሞላላ ምንጣፍ የሚፈልግ ሰው ከክብ እምብርት ፈንታ ሃያ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ጉንጉን አጥፎ ይጀምር።

ቀለሙን በሰፌድ ልማድ ብታስቡት ያምራል። መሐሉ አንድ ቀለም፣ ከዚያ ጥቁር ዙር፣ ከዚያ ቀይና አረንጓዴ፤ በአለላ እንደምታደርጉት ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። በዕድሜ የገፋ ሰው ቤት ውስጥ ከሚጎዳባቸው ነገሮች አንዱ መውደቅ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በባላታ ወለል ላይ የሚንሸራተት ምንጣፍ ብዙ ጥፋት ያደርጋል። ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ሰው ወደ ቀድሞ ጤናው መመለስ ይቸግረዋል። ስለዚህ፦

ከምንጣፉ ሥር የማያንሸራትት መረብ አድርጉ። በቤት ዕቃ ሱቅ "ሬሼት ኔጌድ ሃህላካ" ብላችሁ ጠይቁ፤ በመቀስ ተቆርጦ በልክ ይነጠፋል።

ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደረጃ አጠገብና በወጥ ቤቱ እርጥብ ወለል ላይ ምንጣፍ አታንጥፉ፤ ሌሊት መብራት ሳይበራ ይኬዳልና።

በምርኩዝ ወይም በመደገፊያ ጋሪ የሚሄድ ሰው ባለበት ቤት ምንጣፉ ወለል ላይ አይሁን። ወንበር ላይ ይነጠፍ፣ ወይም ግድግዳ ላይ እንደ ሰፌድ ይሰቀል። እዚያም ያምራል።

የጉልበት ልብስ

የፔታህ ቲክቫ ክረምት በረዶ የለውም፤ ግን ባላታው ይቀዘቅዛል፣ ቤቱም ብርድ ይይዛል። ተቀምጦ ዜና ለሚሰማ ሰው ጉልበት ላይ የሚጣል ልብስ ትልቅ ነገር ነው። 22 በ22 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 30 ቁራጮች ቁረጡ። አምስት ወደ ጎን፣ ስድስት ወደ ታች ስታያይዟቸው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሃያ ግድም ይወጣል። ከሥሩ አሮጌ ስስ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ገበር የሚሆን አንሶላ አድርጉ። ዳሩን ዙሪያውን ዘምዝሙት።

ሦስቱን ድርብ በሙሉ መስፋት ለእጅ ይከብዳል፤ ማሰር ይበቃል። በየመጋጠሚያው ወፍራም ክር በመርፌ ከላይ ወደ ታች አስገቡ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ወደ ላይ አውጡ፣ ሁለቴ ቋጥሩና ቁረጡት። እንዲህ ሲደረግ ድርቦቹ አይንሸራተቱም፣ ሲታጠብም አይጠቀለልም።

ይህን የሠራ ሰው ለአልጋ ልብስም አይፈራም። ለአንድ ሰው አልጋ፣ በዚሁ መጠን 77 ቁራጭ፣ ሰባት ወደ ጎን አሥራ አንድ ወደ ታች ነው። በቀን አንድ ብትሰፉ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ አልጋችሁ ላይ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከሆነ ግን አጠር አድርጉት፤ ጫፉ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ።

ዓይንን፣ እጅንና ቤትን መጠበቅ

በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ስፉ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ለዓይን ያስቸግራልና ለማለዳ ይቆይ። የስፌት ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ክር በመርፌ የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ጥቂት ሼኬል ነው።

በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ፣ እጃችሁን አፍታቱ። የጣት መገጣጠሚያ የሚያማችሁ ሰዎች ወፈር ያለ መርፌና በቀላሉ የሚከፈት መቀስ ምረጡ። በኩፓት ሆሊም "ሪፑይ በዒሱክ" የሚባል ሕክምና አለ፤ ባለሙያዎቹ እጅ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ።

የስኳር በሽታ ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጣት ጫፍ የሚጠለቅ የብረት ቆብ ያድርግ። ጣት ከተወጋ ይታጠብ፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ለሐኪም ይታይ። የወደቀ መርፌ ሳይገኝ ከቦታው አትነሡ፤ እስፒሎችን ቆጥራችሁ አውጡ፣ ቆጥራችሁ መልሱ። በተለይ የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት።

የድስት መያዣ የምትሠሩ ከሆነ ጥጥ ብቻ ይሁን፤ ፖሊኤስተር በሙቀት ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። መጋረጃና የጨርቅ ጌጥ ከማሞቂያ፣ ከጋዝ ምድጃና ከሻባት ሻማ ይራቅ። በሻባት ፕላታ ላይም ጨርቅ አታድርጉ።

መሸጥ ለሚፈልጉ

ሥራው ካማረ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ "ይህን ለኔ ሥሪልኝ፣ እከፍላለሁ" ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ከቢቱዋህ ሌኡሚ የእርጅና አበል ከገቢ ማሟያ ጋር፣ በዕብራይስጥ "ሃሽላማት ሃክናሳ"፣ የምታገኙ ከሆነ፣ የሚገባ ገቢ ሁሉ መታወቅ አለበት። ያልተነገረ ገቢ በኋላ ዕዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት የማኅበራዊ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ለልጅ፣ ለጎረቤት ወይም ለምኩራብ በስጦታ መስጠት ግን ይህ ሐሳብ የለበትም።

ከልጅ ልጆች ጋር

ብዙ አያቶች "ከልጅ ልጄ ጋር የምንነጋገርበት ቋንቋ የለንም" ይላሉ። ልጁ ዕብራይስጥ ይናገራል፤ አያቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ። መርፌና ጨርቅ ግን ብዙ ቋንቋ አይፈልጉም። ልጁ በመርፌ ክር ያስገባል፣ ምልክቱን ያነባል፣ በማስመሪያ ይለካል፤ አያት ስፌቱን ታሳያለች፣ ትቆነጥጣለች፣ ትስቃለች። በዚያ መሐል "ይህ የማን ሸሚዝ ነበር?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ያኔ ስለ መንደሩ፣ ስለ ጉዞው፣ ከመንገድ ስለቀሩት ሰዎች ለመናገር በር ይከፈታል። ሰው ተቀምጦ "ታሪክ ልንገርህ" ሲባል የማይሰማው ልጅ፣ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ይሰማል።

ትራሱ ሲያልቅ ከጀርባው በኩል ስማችሁን፣ የመንደራችሁን ስምና ዓመቱን በጥልፍ ጻፉበት። መጻፍ የማይችል ሰው ልጁ በእርሳስ ይጻፍለትና እሱ በላዩ ይጥለፍ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ጨርቅ በማን ቤት እንደሚገኝ ማን ያውቃል? ከማን እጅ እንደወጣ ግን ራሱ ይናገራል።

አባቶችም ከዚህ ሥራ አትራቁ። በአገር ቤት ሽመና የወንድ ሙያ ነበር፤ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚሰፋውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነበር። "የሴት ሥራ ነው" የሚለው ነገር ለዚህ አይሆንም።

ለማጠቃለል

ብቻችሁን ከመስፋት ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ብትሰፉ ይሻላል። ቡና እየተፈላ፣ ጨርቅ እየተለዋወጣችሁ። በዮሴፍታልም ሆነ በዓሚሻቭ ወይም በሌላ ሰፈር የምትኖሩ፣ በአካባቢያችሁ ማትናስ ወይም የአረጋውያን ሞአዶን የእጅ ሥራ ቡድን እንዳለ ጠይቁ። ከሌለና የምትፈልጉ ጥቂት ሰዎች ከሆናችሁ ለማኅበራዊ ሠራተኛችሁ ንገሩ፤ ጥያቄ የሌለበት ነገር አይጀመርም። ለማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይ 106፣ ለሪቫሃ ሚኒስቴር መረጃ 118 መደወል ይቻላል። ከቤት መውጣት የሚያስቸግራችሁ ሰዎችም ይህንኑ አሳውቁን።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ቁም ሣጥኑን ክፈቱና የማይለበሰውን ለይታችሁ አውጡ። ካርቶኑ ነገ ይቆረጣል።

እጃችሁን አይንሳችሁ። በጤና ያቆያችሁ።